ዳገት ላይ የምትጠፋ መኪና

ሰኞ

ዛሬም ዳገቱ ላይ ጠፋችብኝ። ከቡታጅራ ወደ አገና የሚወስደውን መንገድ ገና ሳላጋምስ ሞተሩ ተንተፋተፈ፣ ሁለቴ ነጠቅ ነጠቅ አደረገኝና ጭጭ አለ። ባዶዋን ነበረች። አባባን ከመጫኔ በፊት ልሞክራት ብዬ ነው የወጣሁት። እንኳንም ሞከርኳት።

ሐኪሙ ባለፈው ሳምንት “ከእንግዲህ እዚህ የምናደርግላቸው ነገር የለም፤ ቤታቸው ይረፉ” ብሎናል። አባባ ቤቴ የሚለው ደግሞ የእኔን የቡታጅራውን ቤት አይደለም። አገና አጠገብ፣ ራሱ በተከለው እንሰት መሃል ያለውን ነው። “ልጄ፣ ወደዚያ ውሰደኝ። ሰው ቤት አልሙት” አለኝ። እወስድሃለሁ ብዬ ቃል ገባሁለት።

የእኔ ቤት ሰው ቤት ሆነበት። አልተቀየምኩም። ትንሽ ተቀይሜያለሁ።

ማክሰኞ

ሸረፋ ጋራዥ ዋልኩ። የእሱን ጋራዥና የእኔን የእንጨት ሥራ ቤት የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። “ሰላምታ የለም እንዴ? ገና ሳትገባ መኪና መኪና ትላለህ” አለኝ።

ካንዴላ ቀየረ። ፊልትሮ ቀየረ። የነዳጅ ፓምፑን አውጥቶ አየና “ይሄ ደክሟል” ብሎ ሌላ ገጠመ። ከሰዓት ወጣን። ሜዳው ላይ እንደ ንብ ትዘምራለች። ዳገቱ ላይ፣ ያቺው ቦታ ልትደርስ ስትል ጠፋች። አሳርፈናት፣ ስትነሳልን አዙረን ተመለስን።

ባለቤቴ አስቴር በር ላይ ቆማ ነበር። ፊቴን አየችና ተመልሳ ገባች።

ረቡዕ

አባባ ሾርባውን መለሰው።

ሌላ መኪና ልለምን ወጣሁ። አንዱ ባለ ሚኒባስ “ተኝቶ የሚሄድ በሽተኛ አልጭንም። መንገድ ላይ ቢያርፉስ? ምን ልሆን ነው?” አለኝ። እውነቱን ነው። አምቡላንሱም ወደ ሆስፒታል ይወስዳል እንጂ ሊሞት የተቃረበን ሰው አገሩ አያደርስም። የቀረችኝ ያቺው የራሴ ደብል ጋቢና ናት፣ ጣውላ የማመላልስባት።

ከሰዓት ግን አንድ ነገር ተገኘ። ዳገቱ ላይ እንደጠፋች ሸረፋ የነዳጅ ታንኩን ክዳን ሲከፍተው ሹውውው ብላ አየር ሳበች።

“ሰማህ? ታፍናለች!” አለኝ። “ቤንዚኑ ሲወጣ በእሱ ቦታ አየር መግባት አለበት። የሚገባበት ተደፍኗል። ፓምፑ እየጎተተ እየጎተተ ይሸነፋል።”

ክዳኑን አላልተን ሞከርናት። ዳገቱን ወጣችው! ጫፉ ላይ ሁለታችንም እንደ ልጅ ጮህን።

ደስታዬ እስከ አመሻሽ ነው የቆየው። አባባን ከኋላ ወንበር አስተኝቼ ሰፈሩን ልዞርበት ነበር፣ ይችለው እንደሆነ ለማየት። አንድ ጥግ ሳንዞር “አጥወለወለኝ፣ አውርደኝ” አለ። በላላው ክዳን የሚወጣው የቤንዚን ሽታ ጋቢናውን ሞልቶታል። ሳለ፣ ሳለ፣ መጨረሻ ላይ ደም ተፋ። ተሸክሜ አስገባሁት። እንዴት ቀሏል! ቀጭን ጣውላ የያዝኩ ነው የመሰለኝ።

ሐሙስ

ሸረፋ ከሥሯ ገብቶ ከጭነቱ ወለል በታች ያለችውን ጥቁር የፕላስቲክ ሳጥን አወረዳት። እንደዚህ ያለ ነገር እንዳላትም አላውቅም ነበር። ውስጧ ከሰል ነው፤ የቤንዚኑን ትነት ይይዝና ወደ ውጭ ሳይወጣ ሞተሩ እንዲያቃጥለው ያቀብላል። ከሰሉ ፈርሶ፣ በቤንዚን ርሶ ጭቃ ሆኗል። አየር የሚገባበት ቱቦ አፉ በአቧራ ተጋግሯል።

“ስትቀዳ እስከ አፉ ነው የምትሞላው?” አለኝ።

“ቤንዚን በተገኘ ቀን እስከ አፉ የማይሞላ ማን አለ?”

ሳቀ። “ተርፎ ወደ ሳጥኗ እየገባ ነው ያበላሻት።”

ሌላም አለ። ከመሙያው አፍ ወደ ታንኩ የሚወርደው የጎማ ቱቦ ተሰንጥቋል። ክዳኑ ቢጠብቅም ሽታው አይቀርም ማለት ነው። ሳጥኗም ጎማውም ቡታጅራ የሉም። ዞሬ ዞሬ ጠየቅሁ። አንዱ ሻጭ ሳጥኗን ሳሳየው “ይሄ የመኪና ነው?” አለኝ።

ሌሊቱን አባባ ሲያቃስት አደረ።

ዓርብ

በሚኒባስ ወልቂጤ ሄድኩ። አገና ላይ ወደ ቤታችን የምትገባውን መንገድ በመስኮት አየኋት። እኔ ያለ አባባ አልፌ ሄድኩ።

ወልቂጤ መለዋወጫ የሚሸጥበትን ሁሉ አዳረስኩ። ጎማው ተገኘ። ሳጥኗ የለችም፤ “ከአዲስ አበባ እናስመጣልህ፣ ሳምንት ታገሥ” አሉኝ። ሳምንት! ያን ጊዜ አስቴር ደወለች። “ውሃም እንቢ ብሏል” አለች።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ዕንባዬ አመለጠኝ። አጠገቤ የነበሩ እናት ምን እንደሆንኩ ሳይጠይቁ “አይዞህ ልጄ፣ አላህ ያውቃል” አሉኝ። እሱ ማወቁን አልጠራጠርም። ምን እንደሚያደርግ ነው ያላወቅሁት።

ቅዳሜ

ሸረፋ አዲሱን ጎማ አስገባ። ሳጥኗን ትቶ ከታንኩ አናት ረጅም ቱቦ ሳበና ከጋቢናው ጀርባ ሽቅብ ወሰደው። ጫፉ ላይ አቧራ እንዳያስገባ ትንሽ ፊልትሮ ሰካ።

“ትነቱ ከጣራ በላይ ይውጣ። ደንበኛ ሥራ አይደለም፤ ሳጥኗ ስትገኝ እንመልሳለን። ለነገ መንገድ ግን ይበቃል፣ ኢንሻአላህ።”

አስቴር መስኮቱን ዘግታ ከኋላ ተቀመጠችና አሸተተች። “ምንም” አለች። ክዳኑን አጥብቀን ዳገቱን ሞከርን። ወጣች።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቤት ስገባ አባባ አላወቀኝም። ሊጸልዩለት የመጡት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ወደ ውጭ ጠሩኝና “በዚህ ሁኔታ ባይንቀሳቀስ አይሻልም?” አሉኝ። አስቴር ናት የመለሰችላቸው። “ቃል ገብቶለታል” አለች።

እሑድ

ጠዋት ወጣን። ሸረፋ አብሬህ ካልሄድኩ ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። አስቴር ከኋላ የአባባን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ያዘች። ዳገቱን ጀመርን። ሞተሩ አልተንተፋተፈም። ጫፉን ስናልፍ ሸረፋ ዳሽቦርዷን መታ መታ አደረጋት። ማንም አልጮኸም።

እህቴ ወይንሸት በሩን ከፍታ ጠበቀችን። ተጋግዘን አስገባነው። እንሰቱን አላየም። ያሳደገንን ቤት አላየም። ዓይኑን ጨፍኖ ተኛ። ይህን ሁሉ የደከምኩት ለማን ነው አልኩ፣ በልቤ።

ከሰዓት ከብቶች ያድሩበት ከነበረው የቤቱ ጎን በኩል ድምፅ የሰማ ይመስል ዞረ።

“ላሚቱ ታለበች?” አለ።

ላሚቱ ከሞተች ዓመት አልፏታል። ወይንሸት አላመነታችም። “ታልባለች አባባ።”

“ለልጁ ስጡት።”

ወይንሸት ባዶ ኩባያ አቀበለችኝ። ዓይኑ እኔ ላይ ነው። አፌ ላይ ደፋሁት፣ ዋጥ አደረግሁ።

“ጠገብኩ አባባ” አልኩት።