ለምንጩ የተቆረጠ ላስቲክ
የእትዬ ጠብታ የሕይወት ታሪክ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ጠብታ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው፣ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ላይ የብርጭቆ አፍ የምታህል ክብ እየቆረጡ ነበር። ቧንቧ ከመክፈቻው ጋር በሚገጥምበት ቦታ የምትገባ፣ ውኃ እንዳያንጠባጥብ የምታሽግ ላስቲክ ናት። ክቧን በጠመኔ አስምረው፣ ግማሽ ድረስ ቆርጠው፣ መቀሱን ጭናቸው ላይ አሳረፉት። ባለቤታቸው ሻይ ይዘው ከጓዳ ሲመለሱ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሏቸው ቀስ ብለው ተራመዱ። እንቅልፍ አልነበረም።

ዛሬ የምንሸኛቸው እኚህ ሴት የተወለዱት ከተራራው ወገብ ላይ፣ አፈሩ በድንጋይ ካብ ካልተደገፈ ተንሸራቶ በሚሄድበት መንደር ነው። አባታቸው እርከን የሚክቡ ድንጋይ ሠሪ፣ እናታቸው ገበሬ ነበሩ። ከቤታቸው ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ከአንድ ትልቅ ዐለት ሥር የሚፈልቅ ምንጭ ነበር። እትዬ ጠብታ ልጅነታቸውን በሙሉ የተኙት የምንጩን ድምፅ እየሰሙ ነው። ከፍ ያለ ክፍል ለመማር ከተማ አክስታቸው ቤት ሲገቡ ዝምታው እንቅልፍ ነሣቸው። ደግነቱ የአክስታቸው የግቢ ቧንቧ ታንጠባጥብ ነበርና፣ እሷን እያዳመጡ መተኛት ለመዱ። አክስታቸው ሠራተኛ ጠርተው ቧንቧዋን ያሠሩ ቀን ልጅቷ ማልቀሷን የሰማ ሁሉ ሳቀ። «ጠብታ» የሚለው ስም የወጣላቸው ያን ጊዜ ነው፤ ኋላ የወረቀት ስማቸውን አስረሳ።

ከዚያ የግብርና ማሠልጠኛ ገብተው የመስኖ ትምህርት ተማሩ፤ ተመርቀውም በውኃ ሥራ ቢሮ ተቀጠሩ። የመጀመሪያ ሥራ አድርገው ለምነው የወሰዱት የገዛ መንደራቸውን ምንጭ ነበር። ዐለቱ ሥር የሲሚንቶ ሳጥን ሠሩለት። ብዙ ውኃ እንዲያጠራቅም ብለውም ግድግዳውን ምንጩ ከሚወጣበት ቀዳዳ በላይ ከፍ አደረጉት። ሳጥኑ ጢም ብሎ ሞላ፤ መንደሩ መረቃቸው፤ አባታቸው በኩራት አላፊ አግዳሚውን ጠርተው አሳዩ። ነገር ግን የተጠራቀመው ውኃ በራሱ ክብደት ምንጩን ወደ ኋላ ገፋው። ውኃው በተራራው ሆድ ሌላ መንገድ አበጀና ሰው በማይወርድበት ገደል ሥር ሄዶ ወጣ። ሳጥኑን በገዛ እጃቸው አፈረሱት፤ ምንጩ ግን አልተመለሰም።

እናታቸው አልወቀሷቸውም። «ሄዷል፤ ይመጣል» ብለው ጀሪካናቸውን አንሥተው ወደ ወንዝ ወረዱ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ከወንዝ ቀዱ። እትዬ ጠብታ ከዚያ በኋላ በየመንደሩ ገበሬ ሰብስበው ሲያስተምሩ ንግግራቸውን የሚጀምሩት በአንድ ዓይነት ቃል ነበር፦ «እኔ ምንጭ ያባረርኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ስሙኝ።» ሰው ይስቃል፤ ከዚያ ይሰማል።

ባለቤታቸውን ያገኙት በሥራ ምክንያት ነው። ውኃ ከእርከን ወደ እርከን የሚያሻግር የሸራ ቱቦ አስፈልጓቸው አንድ ወጣት ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዱ። ቱቦው አፈሰሰ። መልሰው ወሰዱት፤ ዳግመኛ አፈሰሰ። በሦስተኛው ሲይዝ የሰርጉ ቀን ተቆረጠ። ልብስ ሰፊው እስከ ዛሬ «የፊተኞቹን ሆን ብዬ ነው ያላላኋቸው» ይላሉ፤ እትዬ ጠብታ ደግሞ «ተወው፣ ያኔ መስፋት አትችልም ነበር» ይሏቸው ነበር። በትዳራቸው አንዲት ሴት ልጅና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። እትዬ ጠብታ ከሰኞ እስከ ዐርብ ተራራ ላይ ስለሚውሉና ስለሚያድሩ፣ ልጆቹን ጸጉር አበጥሮ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው አባት ነበር። ዐርብ ከሰዓት በኋላ የልብስ ስፌቱ መኪና ድምፅ ቶሎ ቶሎ ይቆም እንደነበር ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ ልብስ ሰፊው አንገታቸውን አስግገው መንገድ የሚያዩበት ሰዓት ነው። በቤቱ አንድ ጠብ ብቻ ነበር። እትዬ ጠብታ የጨርቁን መቀስ ሰርቀው ላስቲክ ይቆርጡበታል፤ መቀሱ ይደንዛል፤ ልብስ ሰፊው «መቀሴን!» ብለው ይጮኻሉ።

በእትዬ ጠብታ ዕድሜ ዝናቡ ጠባዩን ለወጠ። ዘግይቶ ይመጣና የወሩን በአንድ ከሰዓት በኋላ አራግፎ፣ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሰማዩ ይዘጋል። እትዬ ጠብታ ገበሬውን ያስተማሩት ይህችን ጥቂት ውኃ መያዝ ነው፤ ችግኝን በገለባ ማልበስ፣ ከሥሩ የተበሳ ጀሪካን ቀብሮ ቀስ በቀስ ማጠጣት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የውኃ ተራን ከቦዩ ጭራ፣ ከታችኛው ማሳ መጀመር። ድሮ ተራ የሚጀምረው ከቦዩ ራስ ነበር፤ ራስ ላይ ያለው ጠግቦ ሲለቅ ለጭራው ጭቃ ይደርሰዋል። እሳቸው ገለበጡት። ጭራው ቀድሞ ሲያጠጣ፣ ውኃው እንዳይሰረቅና ቦዩ እንዳይሰበር ራስ ላይ ያለው ራሱ ዘበኛ ይሆናል፤ ተራው እንዲደርሰው ይፈልጋላ። ይህ አሠራር ዛሬ በብዙ ተራሮች ላይ ይሠራበታል።

ልባቸው ግን ከዚያች ከአንዷ ዐለት ተነሥቶ አያውቅም። ምንጩ ይመለስ እንደሆነ የሚመለሰው ከላይ ያለው ገላጣ ተረተር ዝናቡን ሲጠጣ ብቻ ነውና፣ ተረተሩ ላይ ቦይ መቆፈርና ሣር ማብቀል ፈለጉ። ተረተሩ ደግሞ ድምፃቸው ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው ስለሚሰማ «ነጎድጓድ» የሚባሉ የፍየል አርቢ ግጦሽ ነበር።

«እትዬ፣ የእኔ ፍየሎች ቅጠል ነው የሚበሉት፤ ምንጭ በልተው አያውቁም» አሏቸው ነጎድጓድ።

«የሚበሉት ቅጠል ነው ዝናቡን የሚይዝልኝ።»

«ያባረሩት እርስዎ፣ የሚታሰሩት የእኔ ፍየሎች! ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?»

እውነት ነበርና እትዬ ጠብታ በማግስቱ ማጭድ ይዘው መጡ። ከታች ካለው የመስኖ ቦይ ዳር ሣር አጭደው፣ ተሸክመው፣ ፍየሎቹ በረት ድረስ አደረሱ። በየሳምንቱ እንዲሁ አደረጉ። ጡረታ ወጥተውም አላቋረጡም። አንድ ቀን ነጎድጓድ ሸክሙን ከጀርባቸው ተቀብለው፣ «ይበቃል፤ ያሳፍራል። ፍየሎቹን እኔው አስራቸዋለሁ» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተረተሩን የጠበቁት ነጎድጓድ ናቸው፤ ቦዩንም አብረው ቆፈሩ። ሣሩ በቀለ፤ ቁጥቋጦው ተከተለ። ዐለቱ ሥር ግን ደረቅ ነበር።

ባለፉት ሁለት ዓመታት እትዬ ጠብታን የልብ ሕመም ከቤት አዋላቸው። ሐኪማቸው ዳገት ከለከሏቸው። ወንበራቸውን ተራራው ወደሚታይበት መስኮት አዞሩ፤ ዝናብ ሲጥል መስኮቱን ከፍተው ያዳምጣሉ፤ ውኃው እየሮጠ ይሁን እየገባ ከዚህ ሆነው የሚለዩ ይመስል። በዚህ በበጋው መጨረሻ ነጎድጓድ ስልክ ደወሉ። ስልክም ቢሆን ድምፃቸውን ስለማይቀንሱ ቤቱ ሁሉ ሰማ።

«እትዬ! ዐለቱ ሥር እርጥብ ነው!»

«ይወርዳል?»

«አይወርድም። አልዋሽዎትም፤ እጄን ሳስገባ ይርሳል፣ ሌላ የለም።»

«እንዳትነካው! ማንም እንዳይቆፍረው፤ ራሱ ይምጣ» አሉ እትዬ ጠብታ። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ከወንበራቸው ብድግ ብለው መልሰው ተቀመጡ። ሴት ልጃቸው ትራስ ልታስተካክል ስትጠጋ «እናቴን ልንገራት ብዬ ተነሥቼ ነበር እኮ» አሏት።

በማግስቱ ለአዲሱ ሳጥን የሚሆን ዕቃ ማሰናዳት ጀመሩ። ይህኛው ሳጥን ዝቅ ያለ ይሆናል፤ መውጫው ከምንጩ ቀዳዳ በታች፣ ውኃው እንደ ልቡ እንዲወርድ። ባለቤታቸው መቀሱን ፍለጋ መጥተው ላስቲኩን ሲያዩ «ደግሞ ላልመጣ ውኃ ነው መቀሴን የምታደንዢው?» አሏቸው። እሳቸውም «ሲመጣ መቀስ ፍለጋ ልሂድ?» አሉ።

እትዬ ጠብታ በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም ጠዋት ቦያቸውን ከጭራ የሚከፍቱ ብዙ ገበሬዎች ያለ እሳቸው ቀርተዋል። ነጎድጓድም ዛሬ ከተራራው ወርደው በመካከላችን ቆመዋል፤ ድምፃቸው ግን አይሰማም። ፈጣሪ ነፍሳቸውን የሚናፍቁት ድምፅ በማይቋረጥበት ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸው መጽናናትን፣ ለተራራው ቀስ ብሎ የሚጥል ዝናብ ይስጥልን።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ለቅሶ የመጣው ሰው ቀለል ሲል፣ ልብስ ሰፊው መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ተቀመጡ። በግማሽ የተቆረጠችውን ላስቲክ አነሡ፤ ለጨርቅ ብቻ የሚሳለውን መቀሳቸውን አወጡ፤ የጠመኔውን መስመር ሳይለቁ ዞሩና ክቧን ጨረሱ። ብርሃን ላይ ይዘው ጠርዟን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ነጎድጓድ ወደ ተራራው ሲመለሱ ይዘዋት እንዲሄዱ በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀሏት፤ መቀሱንም ወደ ስፌት ዕቃቸው መለሱት።