ከዜናው በፊት የነበረው ሰዓት የት ገባ?

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቢሮዎ ይቀዘቅዛል ወይስ ይሞቃል? ወንበርዎስ ይመቻል? ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ እኔው ራሴ ነኝ፤ ማንም አልጻፈልኝም። እስከ አምና ድረስ በአውራ ጣቴ የምፈርም ጎሚስታ ነበርኩ፤ ዘንድሮ የማታ ትምህርቴን ከክፍሉ ሁለተኛ ወጥቼ ጨርሻለሁ። አንደኛ የወጣችው ባለቤቴ ስለሆነች ውጤቱን አልተከራከርኩም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ድሮ ከምሽቱ ዜና በፊት ያቺ የጣቢያችሁ ምልክት የሆነች ወፍ ክንፏን ቀስ ብላ ትዘረጋ ነበር፤ ዋሽንቱ ይነፋል፤ ከዚያ ያ ክብ ሰዓት ይመጣና የሰከንድ ቆጣሪው ዞሮ አናቱ ላይ ሲደርስ ዜናው ይጀምራል። ፊደል ባልቆጠርኩበት ዘመን ከስክሪንዎ ላይ ማንበብ የምችለው እሱን ብቻ ነበር። እነሆ ፊደል ቆጥሬ ስመጣ አነሳችሁት። ስለ አቀባበሉ ከልብ አመሰግናለሁ።

ቅሬታዬን እንደተማርኩት በቁጥር አስቀምጣለሁ።

1. በወፏ ፋንታ ያመጣችሁት የሚያብረቀርቅ ነገር እንደተገነጠለ ቆርቆሮ ወደ ፊታችን እየተወረወረ ይመጣል። በመጀመሪያው ቀን ጎንበስ ያልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ልብስ ሰፊው ጎረቤቴም ጎንበስ ብሏል፤ አሁን ቢክድም። ለስፖርቱ እናመሰግናለን።

2. ሰዓቱ በጠፋበት ሳምንት ዜናው መዘግየት ጀመረ። እኔ ሰው አልወነጅልም። ነገር ግን ከሱቄ ፊት ለፊት መንገድ ላይ ሚስማር ቢገኝ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጎሚስታው ነው፤ ስለዚህ በተጠርጣሪነት ያካበትኩትን ልምድ ይዤ በአክብሮት እጠይቃለሁ፦ ሰዓቱ የተነሳው አርጅቶ ነው ወይስ ምስክር ስለሆነባችሁ?

3. ስልክ ደውዬ ስጠይቅ አንዲት ትሁት ሠራተኛ «አባባ፣ ሰዓት እኮ አሁን በየሰው ስልክ ላይ አለ» አለችኝ። አባባ ያለችኝን ይቅር ብያታለሁ። ዜናውም በየሰው ስልክ ላይ አለ፤ ታዲያ እናንተ እስካሁን ለምን አልተነሳችሁም?

4. ይህኛውን በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ እምቢ አለኝ። እናቴ ዕድሜዋ ገፍቷል፤ የልጆቿን ስም ሳይቀር ታቀያይራለች። ያን ሰዓት ግን አትረሳም። እኛ ቤት ቆጣሪው ዞሮ እስኪጨርስ ማንም አይናገርም ነበር፤ የተጣላም ጠቡን ያቆየዋል። ልክ ሲያበቃ እናቴ የደም ግፊት ክኒኗን ትውጥ ነበር። ሐኪሙ እንዳይታለፍ ብሎ አስጠንቅቆናል። አሁን ግን ክኒኑንና ውኃውን ይዘን ስንቀርብ «ገና ነው፤ ሰዓቱ አልመጣም» ትለናለች። ዜናው አልቆ፣ ስፖርቱ አልቆ፣ እሷ ትጠብቃለች። ስናስገድዳት ከንፈሯን ትገጥማለች። ባለፈው ሳምንት ራሷን ስታ ከወንበሯ ተንሸራተተች።

ብልህ ልጅ ነኝና ከካርቶን ክብ ሰዓት ቆርጬ፣ ቁጥሮቹን በገዛ እጄ ጽፌ ቴሌቪዥኑ ፊት ያዝኩላት፤ ባለቤቴም ዋሽንቱን በአፏ አዜመች። እናቴ ትኩር ብላ አየችውና «ይሄ እኮ ቆሟል። ንገራቸው እንጂ ልጄ፤ ሳያውቁ ቀርተው ነው» አለችኝ።

ይኸው ነገርኳችሁ።

ቆርቆሯችሁን አልነካም፤ ወፏም ትቅር። ሰዓቱን ብቻ መልሱልን። እሱም ከከበደ የድሮውን ቅጂ በፍላሽ ስጡኝ፤ በራችሁ ድረስ መጥቼ እወስዳለሁ። ተጥሏል እንዳትሉኝ ብቻ፤ የት ተጣለ፣ ማንስ ጣለው ብዬ መጠየቄ አይቀርም።

የእጅ ሰዓትዎ እንደ ዜናዎ እንዳይዘገይ፣ ጎማዎም በእኔ ሰፈር እንዳይተነፍስ እየተመኘሁ፣ ቅባት ባልነካው እጄ እጅ ነስቼ እሰናበትዎታለሁ።

ጎሚስታው፣ የማታ ትምህርት ምሩቅ
(ፊርማዬ በብዕር ነው፤ ልብ ይበሉልኝ)

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ደብዳቤውን ለእናቴ ሳነብላት «ካወቁማ ያፍራሉ፤ ነገ ያስተካክሉታል» ብላ ወንበሯን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋች። እሷ አልተማረችም። እኔ ግን የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ማፈራችሁን እጠራጠራለሁ።