የሂላሪ ፊርማና የእማዬ ማንጎ

ይድረስ ለእናቴ ለአናማ፤ ኮታያም፣ ሕንድ።

እማዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? እኔ ከእንግሊዟ ሊድስ ብርድና ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ሥራዬ ተስማምቶኛል፤ የተማሪ ቪዛዬም እስከ ገና ዋዜማ ስለሚያገለግል አታስቢ።

በበርበሬ የዘፈዘፍሽውን ማንጎ አለቃዬን ሂላሪን አቀመስኳት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ሺቡ፣ ልትገድለኝ ነው እንዴ?»

«ኧረ እመቤቴ፣ የሠራተኛ ቪዛ ደብዳቤዬን ሳይፈርሙማ አይሞቱም!» አልኳት።

ሳቀችና አንድ ጆግ ውሃ ጨልጣ፣ «እሱን ከገና በኋላ እናየዋለን» አለችኝ።

እንግዲህ ሌላ ጠርሙስ ላኪልኝ፤ በርበሬውን ግን ቀንሺ። ካፖርት ግዛ ላልሽኝ፣ ዘንድሮስ ይቅር፤ ኮታያም ካፖርት አይለበስም። ወንድሜ ቢጁ ክፍሌን ለዶሮዎቹ ሰጥቷል ሲሉ ሰማሁ።

ጎረቤቱን ሁሉ ሳሚልኝ፤ ዶሮዎቹን ግን ከአልጋዬ ላይ አውርጂልኝ።

ልጅሽ ሺቡ