የወይዘሮ ዓሚኔ ዑስማን የሕይወት ታሪክና የፊታቸው ነገር

ወይዘሮ ዓሚኔ ዑስማን ከአባታቸው ከአቶ ዑስማን መኮንንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሰይዳ እንድሪስ በሰቆጣ ከተማ ተወለዱ። ዓመተ ምሕረቱን በተመለከተ ቤተ ዘመዱ ትናንት ሲከራከር ውሎ አልተስማማም። አባታቸው በሕይወት ሳሉ 1930 ነው ይሉ ነበር፤ እናታቸው ግን አንበጣ ከአበርገሌ በኩል የመጣበት ዓመት ነው ብለው ይምላሉ፤ እሱ ደግሞ 1932 ነው። ሁለቱም ዋሽተው አያውቁም። ስለዚህ ሁለቱንም ጽፈናል፤ ሰሚ የመሰለውን ይያዝ።

በልጅነታቸው ሼህ ዓሊዬ ዘንድ ቁርኣን ቤት ገብተው ሦስት ዓመት ተምረዋል። አስኳላ የመግባት ዕድል አላገኙም፤ በ1972 ዓ.ም. ግን በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከጎረቤታቸው ከወይዘሮ ማንጠግቦሽ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ፊደል ቆጥረው የምስክር ወረቀት ተቀብለዋል። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የመሪጌታ ገብረ ጻድቅ ባለቤት ናቸው። ከዚህ በታች ስማቸው ስለሚነሣ ከወዲሁ ይታወቁ።

በ1948 ዓ.ም. ከአቶ ዓብዱልቃድር ሐሰን ጋር በኒካሕ ተጋብተው አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። ባለቤታቸው ሱቅ ሲጠብቁ፣ እሳቸው በገበያ ቀን የጨርቅና የክር መደብ ዘርግተው ይነግዱ ነበር፤ አንዳንዴም በበቅሎ ጭነው አምደወርቅ ገበያ ይወርዱ ነበር። ከገጠር የመጣውን በኽምጣና፣ የከተማውን በአማርኛ እያጫወቱ ይሸጣሉ። ተጫዋች ነበሩ፤ ዋጋ ላይ ግን ድርቅ ይላሉ። ገበያ የማይወጡበት ሳምንት ካለ ታመዋል ማለት ነው። ከዱንያ ነገር ሁሉ ገበያን ይወዱ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ለጸሐፊው ግልጽ አይደለም፤ ጸሐፊው የወንድማቸው ልጅ ሆኖ እቤታቸው ቢያድግም ግልጽ ነው ብሎ ሰው አያታልልም። በ1968 ዓ.ም. ወይዘሮ ዓሚኔ ከሱቃቸው ጥቁር ጨርቅ ቆርጠው ኒቃብ ሰፉና ፊታቸውን ሸፍነው ገበያ ወጡ። በአገራችን የእስላም ሴት ጉፍታ ትከናነባለች እንጂ ፊት መሸፈን ልማድ አልነበረም። እናታቸው አልሸፈኑም፤ እኅቶቻቸውም አልሸፈኑም። ባለቤታቸው ሲጠየቁ፣ "እኔም እንደናንተው ነው ያየሁት" አሉ። ሼህ ዓሊዬም፣ "ግዴታ ነው አላልኳትም፤ አውልቂም አልላትም" አሉ። ራሳቸው ሲጠየቁ ለእናታቸው "ለአላህ ብዬ ነው"፣ ለባለቤታቸው "አቧራው በዛብኝ"፣ ለወይዘሮ ማንጠግቦሽ ደግሞ "ደስ ስለሚለኝ ነው" አሉ። ዘመኑ ዒድ በዓል ሆኖ የሚከበርበት፣ ሃይማኖት ሁሉ እኩል ነው የተባለበት ነበርና የከለከላቸው አልነበረም። እንዲህ ሆነው ስድስት ዓመት ነገዱ።

በ1974 ዓ.ም. ጓድ ተስፋው የቀበሌው ሊቀመንበር ሆኑ። ዛሬ እዚህ ድንኳን ውስጥ ስለተቀመጡ የተሳሳትነው ካለ ያርሙናል። በመጀመሪያው ስብሰባ፣ ሴት ከጭቆና ነጻ እንድትወጣ ፊት መሸፈን ይቅር ተባለ። በሁለተኛው ስብሰባ ደግሞ ነገሩ የጸጥታ ጉዳይ ነው፤ ከጨርቁ ሥር ማን እንዳለ አይታወቅም ተባለ። ነጻ የሚወጡት እሳቸው ይሁኑ የሚጠረጠሩት እሳቸው፣ ሳይለይልን ስብሰባው ተበተነ። ውሳኔው ግን ግልጽ ነበር፦ ፊቷን የሸፈነች ሴት ገበያ አትገባም፤ የይለፍ ወረቀትም አይሰጣትም።

አቶ ዓብዱልቃድር ባለቤታቸውን፣ "እንጀራችን ነው፤ እኔ ፈቅጄልሻለሁ፣ ግለጪው" አሏቸው። ሼህ ዓሊዬም ለችግር ጊዜ ይፈቀዳል አሉ። ልጃቸው ኑርዬ እግራቸው ላይ ወድቆ ለመነ፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም አብሮ ለምኗል። ወይዘሮ ዓሚኔ ሁሉንም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉና መደባቸውን አጥፈው እቤት ተቀመጡ። ሰባት ወር። በገበያ ቀን በር ላይ ቆመው የሚያልፈውን ሰው በስም እየጠሩ የጨርቅ ዋጋ ይጠይቁ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኛ በጣም ተናደንባቸው ነበር።

በ1975 ዓ.ም. ፎቶግራፍ አንሺ ከወልዲያ መጥቶ የመታወቂያ ፎቶ ማንሳት ጀመረ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ አንድ ዘዴ አመጡ፤ የወይዘሮ ዓሚኔን ጉፍታ ተከናንበው፣ "ዓሚኔ ዑስማን ነኝ" ብለው ተነሡ። ግንባራቸው ላይ ያለውን የመስቀል ንቅሳት በጉፍታው ሸፈኑት። የአንገታቸውን ማተብ ግን አላወለቁም። ወይዘሮ ዓሚኔ ቢለምኗቸው፣ "ለፎቶ ብዬ ማተቤን ልበጥስ? ምን ነካሽ አንቺ!" አሏቸው። በዚህም ምክንያት የሐሰን ቤት ምራት፣ የሼህ ዓሊዬ ደረሳ፣ ባለ ማተብ ሆነው መታወቂያ ወጣላቸው። ማኅተም ያሳረፈው ሰውም ልብ አላለውም። የኬላው ጠባቂዎች ስሙን ብቻ እያዩ ያሳልፏቸው ነበርና ወይዘሮ ዓሚኔ እንደተሸፈኑ የቀበሌው ውሳኔ የማይደርስበት አምደወርቅ ድረስ ወርደው ነገዱ፤ የዚያን ዓመት ሳቃቸው ከጎረቤት ይሰማ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. አንድ ልባም ጠባቂ መታወቂያውን አገላብጦ አየና፣ "ዓሚኔ ዑስማን ባለ ማተብ?" ብሎ ያዛቸው። በማግስቱ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ራሳቸው ቀበሌ ሄደው፣ "ፊቱ የኔ ነው፤ ሴትዮዋ ግን እሷ ናት" ብለው ቃል ሰጡ። ይህ ቃል ነገሩን አላቀለለውም። ሁለቱም ታሰሩ። መሪጌታ ገብረ ጻድቅና ሼህ ዓሊዬ በእስር ቤቱ በር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዋሉ፤ ምን ብለው እንደሚለምኑ ሁለቱም አላወቁትም። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ፊታቸውን ገልጠው እንደገና ፎቶ ቢነሡ ሁለቱም እንደሚፈቱ ተነገራቸው። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ፎቶ ተነሥተው ወጡ። ወይዘሮ ዓሚኔ እምቢ ብለው ሦስት ወር ታሰሩ። ክሱ ማጭበርበር ይባል መሸፈን ሳይለይለት ቀረና አንድ ቀን ውጡ ተባሉ።

በ1977 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከአበርገሌና ከደሃና ወረዳ በረሃብ የተነሣው ሕዝብ ከከተማው ዳር በመጠለያ ሰፈረ፤ ወይዘሮ ዓሚኔም ለልጆች አጥሚት ለማብላት በየቀኑ ይሄዱ ነበር። እናቷ የሞተችባት አራት ዓመት የሚሆናት ልጅ ነበረች። አጥሚቱን ባቀረቡላት ቁጥር ጥቁሩን ጨርቅ እያየች ትጮሃለች፤ ከሌላ ሴት እጅም አልቀበል አለች። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ዓሚኔ ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጡና ኒቃባቸውን ወደ ኋላ ጣሉት። ወንዱም፣ ሴቱም፣ ዘቡም፣ ጓድ ተስፋውም እዚያው ነበሩ። ልጅቷ አየቻቸው፣ ጠጣችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት ወር ሙሉ በመጠለያው ውስጥ ፊታቸውን ገልጠው አበሉ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ማንም አልፈቀደላቸውም። መጠለያው ሲዘጋ ልጅቷን ሐሊሜ ብለው ታቅፈው ወደ ቤት ወሰዷት፤ ኒቃባቸውንም መልሰው ለበሱ።

ጓድ ተስፋው አስጠርተው፣ "እዚያ አራት ወር ፊትዎን አይተነው የለም እንዴ? ገበያ ላይ ምን ከለከለዎት?" አሏቸው።

"እዚያ የገለጥሁት እኔ ነኝ" አሉ ወይዘሮ ዓሚኔ። "እዚህ የሚገልጡኝ እርስዎ ነዎት።"

ጓድ ተስፋው በሳምንቱ የፎቶው ቦታ ባዶ የሆነ መታወቂያ ፈርመው ላኩላቸው። ጸሐፊው ሁለቱንም፣ የአክስቱን ቃልም የሊቀመንበሩን ፊርማም፣ ብዙ ቀን አስቦበታል፤ ግማሹ ይገባዋል፣ ግማሹ አሁንም አልገባውም። ወይዘሮ ዓሚኔ ግን ወደ መደባቸው ተመልሰው እስኪታመሙ ድረስ ነገዱ።

በ1979 ዓ.ም. መጨረሻ የጉበት ሕመም ጀመራቸው። እዚሁ ሰቆጣ ሲታከሙ ቆዩ፤ ደሴ እንዳንወስዳቸው መንገዱ ተዘጋ። የካቲት 23 ቀን 1980 ዓ.ም. ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ በሃምሳ ወይም በአርባ ስምንት ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄዱ። በሃይማኖታችን ቀብር ስለማይቆይ በዚያው ዕለት ተቀበሩ፤ ይህ ታሪክም እስላምና ክርስቲያን ያለበት የሰፈራችን ቅሬ፣ ማለትም የዕድራችን አባላት በጠየቁት መሠረት በሦስተኛው ቀን ይነበባል።

ሴቶቹ አጥበው ከገነዟቸው በኋላ የመግነዙ ራስጌ ሳይታሰር ቤተሰቡ ገብቶ ተሰናበታቸው። ወይዘሮ ማንጠግቦሽም ገቡ። ከደጅ የቆሙት የቅሬው ወንዶች፣ ሠላሳ ዓመት የሚያውቋቸው፣ እኛስ ለመጨረሻ ጊዜ እንያቸው አሉ። ኑርዬ አይሆንም አለ። አቶ ዓብዱልቃድር በመጠለያው ሁሉም አይቷቸው የለም ወይ አሉ። ሼህ ዓሊዬ፣ "የኔን ተዉት፤ የሷ ፈቃድ ምን ነበር?" ብለው ጠየቁ። አቶ ዓብዱልቃድርም፣ "ቆይ እስቲ እሷን ልጠይ—" ብለው ወደ ውስጥ ዞሩና በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ግለጪ፣ ሸፍኚ፣ ፈቅጃለሁ፣ አልፈቀድሁም ስንል ኖረን፣ ለመጠየቅ የታሰበን ያን ቀን ነው። ማንም ሳይወስን የራስጌው ታሰረ።

ወይዘሮ ዓሚኔ ከእናታቸው ከወይዘሮ ሰይዳ፣ ከባለቤታቸው ከአቶ ዓብዱልቃድር፣ ከኑርዬና ከሁለት ሴቶች ልጆቻቸው፣ ከሐሊሜ እንዲሁም ከእኅቶቻቸውና ከወንድማቸው ተለይተዋል። ወይዘሮ ማንጠግቦሽንም ከቤተሰቡ ቁጠሩልን።

አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፤ ኑር ይሙላበት፤ በጀነት ያኑራቸው። እኛንም፣ ሳንጠይቅዎ ለፈቀድንብዎትም፣ ሳንጠይቅዎ ለከለከልንዎትም፣ አፉ ይበሉን።