ቅዳሜ ቤትዎ መግባታችንን ስለማሳወቅ

ለተከበሩ የውሃ ሥራዎች ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ የእርስዎንና የባለቤትዎን፣ የግቢዎን አበቦችና የዘበኛዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። እኛ፣ ምስጋና ለመሥሪያ ቤትዎ ይሁንና፣ ጓዝ ከመጫንና ከማውረድ ከሚመጣ የወገብ ሕመም በስተቀር ደህና ነን። ከላይ «ባሉበት» ብዬ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ፤ መሥሪያ ቤትዎ ለባለቤቴ በሚጽፈው ደብዳቤ ሁሉ አናት ላይ የምትቀመጥ ቃል ስለሆነች የተማርኳት ከእርስዎው ነው። ስለ አድራሻችን ከተጻፈው ሁሉ እብለት የሌለባትም እሷ ብቻ ናት፤ የትም እንሁን የት፣ ያለነው ባለንበት ነው።

እኔ የእርስዎ ሠራተኛ አይደለሁምና በዲሲፕሊን ኮሚቴ ቢፈልጉኝ አያገኙኝም። የውሃ ፓምፕ መካኒክዎ ሚስት ነኝ፤ መተዳደሪያዬ ጸጉር ሥራ ነው። ያንን ዝምተኛ ሰው «ባለቤቴ» እያልኩ የምጠራውም እንደ ሰው ሁሉ ለወጉ ያህል ነው እንጂ፣ ቤት የሚባል ነገር ኖሮት እንደማያውቅ ከእርስዎ በላይ ምስክር የለኝም። ከእኛ ጋር የባለቤቴ እናት፣ ማለት አማቴ፣ እና አንዲት ልጃችን ይኖራሉ። ይኖራሉ ማለቴ ይጓዛሉ ማለቴ ነው።

ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ለጠገነው ፓምፕ ምረቃ ወደምንገኝበት ከተማ መምጣትዎን፣ ሪባኑንም በክብር መቁረጥዎን ሕዝቡ ሁሉ አይቷል። ቧንቧውን ሲከፍቱት ውሃው ከተጠበቀው በላይ ደስ ብሎት ወጥቶ ሙሉ ልብስዎን እስከ ካልሲው ማጠቡንና ኮፍያዎን ይዞ መሄዱን አላነሳም፤ ባለቤቴ ሥራውን አሳምሮ ስለሠራ የደረሰ ነውና ይቅርታ እንጠይቃለን። እርስዎ ግን እየተንጠባጠቡም ቢሆን ማይክራፎኑን ይዘው፣ ይህ ጎበዝ መካኒክ ወደ ሌላ ቦታ መዛወሩን አበሰሩን። ሕዝቡ ሲያጉረመርም ጊዜ፣ ልብዎ ራርቶ፣ አይዟችሁ፣ የትም ብትሄዱ ቤቴ ቤታችሁ ነው፣ ደስ ባላችሁ ቀን ኑ አሉን። ጭብጨባው እስከ አሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ አበው፤ እኔ በሙያዬ ምክንያት ሁለቱንም በአንድ ቀን ለማየት ታድያለሁ።

በማግስቱ የዝውውሩ ደብዳቤ ደረሰን። የምንኖርበትን የድርጅቱን ቤት እስከ ዓርብ ድረስ ለቀን ለሚተካን ሰው እንድናስረክብ ያዛል፤ ባለቤቴ ለጊዜው የሚመደብበት ቦታ ግን ወደፊት ይገለጻል ይላል። ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በፊት ቢያንስ ወዴት እንደምንሄድ ይነገረን ነበር። አሁን መውጫው ታውቆ መግቢያው ስላልታወቀ፣ ቅዳሜ ማታ ልጄን የት እንደማስተኛት የማውቀው ነገር የለም። እንግዲህ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ እንድጽፍ ያስገደደኝ ይኸው ነው፤ እግረ መንገዴንም እስከ ዛሬ ያላመሰገንኩዎትን ላመስግንዎ።

አንደኛ፤ የባለቤቴን ሙያ ስላከበሩልን እናመሰግናለን። በመሥሪያ ቤትዎ ደንብ መሠረት ፓምፕ የጠገነ ይዛወራል፤ ያልጠገነ፣ ሥራው ገና አላለቀምና፣ ይቀመጣል። በኖርንበት በሁለተኛው ከተማ ትተነው የመጣነው የሥራ ባልደረባው፣ ሰዉ «አይነኬ» የሚለው፣ የፓምፕ ክዳን ከፍቶ ሳያውቅ እዚያው ቤት ሠርቶ፣ የተከለው ዛፍ ፍሬ ሰጥቶ፣ ዛሬ የሰፈር ሽማግሌ ሆኖ ያስታርቃል። እኔማ ባለቤቴን፣ ምናለ አንዳንዴ እንኳ አበላሽተህ ብትሠራ፣ ለልጅህ ስትል፣ ብዬ ለምኜው ነበር። እሱ ግን እጄ እምቢ ይለኛል አለኝ። እንዲህ ያለውን እጅ የሰጠን እግዜር ቤትም ይስጠን እንጂ ምን እላለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ቁም ሳጥናችን። ይህ ዕቃ የሠርጋችን ስጦታ ሲሆን፣ ስሙ ቁም ሳጥን ይባል እንጂ በዘመኑ ቆሞ አያውቅም። በጭነት መኪና ላይ ተኝቶ ይሄዳል፣ በደረሰበት ቤት በር አልገባ ብሎ ውጭ ተኝቶ ያድራል፣ የገባ ዕለትም ጣሪያው ዝቅ ይልበትና ግድግዳ ተደግፎ ያዘነብላል። ከእኛ ይልቅ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው።

ሦስተኛ፤ የደንበኞቼን ጉዳይ አነሳለሁ። ጸጉር ሠሪ ማለት ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ለጊዜው ብዙም ስለማያስፈልግዎ ላያውቁት ይችላሉ እንጂ፣ ደንበኛ ለማፍራት የሴትን ጸጉር ብቻ ሳይሆን ምስጢሯንም መያዝ የምትችል ሰው ናት። እኔ በየከተማው ምስጢር እያዝኩ፣ ሰዉ ሲለምደኝ፣ መኪናዎ ከች ይላል። ካለፈው በፊት የነበረው ዝውውር የደረሰን፣ አንዲት ሙሽራ ጸጉሯ በቢጎዲን ተጠቅልሎ በጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ተቀምጣ ሳለች ነው። ጫኞቹ ጊዜ የለንም ብለው ካስኩን ከነሶኬቱ ነቀሉት። ሙሽሪትም፣ የእሷስ ነገር፣ እኔ ያለ ጸጉር አልዳርም ብላ ቬሎዋን ሰብስባ ጋቢና ወጣች፤ እስከ መገንጠያው ድረስ ቢጎዲኑን እየፈታሁ፣ ሾፌሩ ጉድጓድ በሳተ ቁጥር እያመሰገንኩት ሄድን፤ ሙሽራውም ከኋላ በመኪና ጥሩምባ እየነፋ ተከተለን። እንዲያ ያማረ ጸጉር ሠርቼ አላውቅም። መገንጠያው ላይ ሙሽሪትን ስናስረክብ ሚዜዎቹ እኔን ደግሞ ሙሽራ መስያቸው ሊያወርዱኝ ነበርና፣ ለዚህም ደስታ ምክንያቱ እርስዎ ስለሆኑ እግዜር ይስጥልን።

አራተኛው ቅሬታ ነበረኝ፤ በመጨረሻው ጉዞ ከድስቱ ክዳን ጋር መንገድ ላይ ሳይወድቅ አልቀረም።

አምስተኛው ግን አለ። ልጄ አዲስ ትምህርት ቤት በገባች ቁጥር ከሌሎች ልጆች ጋር እንዴት እንደምትተዋወቅ በቅርቡ አየሁ። ገና ስሟን ሳትናገር፣ የዚያችኛዋንም ሳትጠይቅ፣ እኛ እንሄዳለን ትላለች። በቅድሚያ። ለምን እንዲህ እንደምትል ብጠይቃት፣ በኋላ እንዳያዝኑብኝ ነው አለችኝ። ያን ቀን ሳጥን ውስጥ ዕቃ የምፈልግ መስዬ አልቅሻለሁ። እዚህ ላይ ምስጋና ፈልጌ አጣሁ፤ ስለዚህ አልፈዋለሁ።

ዓርብ መውጣታችንን ያወቅን ዕለት፣ መቼም ቀጥሎ የት እንኑር ብሎ መምከር ነጻ ነውና፣ ከሳጥኖቹ መሐል ቁጭ ብለን መከርን። ባለቤቴ ውሃ የማይቸግርበት አገር ይሁን አለ፤ ውሃ በማይቸግርበት አገር መካኒክ ምን ይሠራል ስንለው ሳጥኖቹን መቁጠር ጀመረ። አማቴ በበኩላቸው ወደ ሦስተኛው ከተማ እንመለስ አሉ፤ እዚያ ከአንዲት ጎረቤት ጋር የጀመሩት ጠብ ሳያልቅ ስለተጫንን እስከ ዛሬ ያንገበግባቸዋል፣ የሚመልሱላትንም ቃል በየመንገዱ ሲያሻሽሉት ቆይተው አሁን ገና በደንብ በስሏል። ልጄ ከዚህ ቀደም የኖርንበት የትኛውም ይሁን፣ አዲስ ብቻ አይሁን አለች። እኔ መስታወቴን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ የማላወርድበት አልኩ። ስላልተስማማን የባለቤቴን የሥራ ካርታ ምንጣፍ ላይ ዘርግተን፣ አማቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን እንዲያሳርፉ አደረግን። ጣታቸው መሐል ሐይቅ ላይ አረፈ። ልጄ እንዋኛለን እያለች አልጋ ላይ ስትዘል፣ አልጋው ለጉዞ ብሎኑ ተፈትቶ ኖሮ ከእሷ ጋር ተያይዘው ወረዱ፤ ባለቤቴም በትዳራችን ውስጥ እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ይሄኔ አማቴ፣ ጆሯቸው የሚጠቅማቸውን ብቻ ነው የሚሰማው፣ ምን ያንጫጫችኋል፣ ያ የራሰው ሰውዬ ቤቴ ቤታችሁ ነው ብሎ የለም እንዴ አሉ። ክቡር ሆይ፣ «ያ የራሰው ሰውዬ» ማለታቸውን በዕድሜያቸው ይለፉት። መጀመሪያ ሳቅን። ደግመን ሳቅን። ሳቃችን ሲያልቅ ግን እርስ በርስ ተያየንና፣ ባለቤቴ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ የቁም ሳጥኑን ቁመት ይለካ ጀመር።

ስለዚህ ቅዳሜ ከምሳ በፊት እንደርሳለን። ስለ ቤትዎ የምናውቀው የጭነት መኪናው ሾፌር አንድ ቀን ሶፋ ሊያደርስልዎ ገብቶ ያየውን ነው። ፎቅ ላይ ያሉት የልጆችዎ ክፍሎች፣ ልጆቹ ወጥተው ከሄዱ ወዲህ፣ ለአየር ብቻ እንደሚከፈቱ ነግሮናል፤ ከእንግዲህ ለሰውም ይከፈታሉ። አማቴ ደረጃ አይወጡምና ምድር ቤት፣ ሰው የሚያልፍ የሚያገድምበት መስኮት አጠገብ ቢሆንላቸው ይወዳሉ፤ የጎረቤቶችዎን ጸባይ አስቀድመው ቢያስጠኗቸውም አይከፋቸውም። እኔ በረንዳዎ ላይ ጸጉር ቤቴን እከፍታለሁ። የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ባለቤትዎ ናቸው፣ በነጻ፤ ምስጢራቸውንም እንደማንኛዋም ደንበኛዬ እይዝላቸዋለሁ። ባለቤቴን በተመለከተ አንድ ነገር አስቀድሜ ላስታውቅ፦ የግቢዎ ፓምፕ ቢበላሽ ንክች እንዳያደርግ አስምዬዋለሁ። ከጠገነው እንደሚያዛውሩን እናውቃለን።

ምናልባት ያን ዕለት የተናገሩት ለጨዋነት ያህል ነው፣ ቃል በቃል የሚወስድ ሰው ይኖራል ብለው አላሰቡም ይሆናል። እንዲያ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። እስከ ዓርብ አንድ የከተማ ስም ይጻፉልን፤ የትም ይሁን፣ ቆላ ይሁን ደጋ፣ የፈለገው ይቅር፣ ብቻ «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ይተዉልን። እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔ ቤትዎን ከነበረንዳው አልፈልገውም። የምፈልገው ልጄ አንዲት ልጅ ፊት ቆማ፣ መጀመሪያ ስሟን የምትናገርበት ቦታ ነው። ይህን ያህል ልጠይቅዎ መብት እንዳለኝ ይሰማኛል፤ ባለቤቴ በየደረሰበት ለሰው ልጆች ሁሉ ውሃ አውጥቷልና። ደብዳቤው ካልመጣ ግን፣ እንግዳ ደራሽ ውሃ ፈሳሽ እንደሚባለው፣ ውሃውን ቀምሰውታል፤ የቀረን እኛ ነን።

የክቡርነትዎን ዕድሜ የሚመኝ፣ ቃልዎን ከራስዎ በላይ ያመነ፣ ከወንበር ይልቅ ሳጥን ላይ መቀመጥ የለመደ ቤተሰብ ወኪል በመሆን፣ ወገቤን ይዤ እጅ እነሳለሁ፤

የመካኒክዎ ሚስት፣
ካለሁበት።

ግልባጭ፦
ለባለቤትዎ (አንሶላ እንዲያዘጋጁ)
ለዘበኛዎ (ሁለቱንም የበር ተካፋች እንዲከፍት፤ ቁም ሳጥን አለ)

ማሳሰቢያ፦ ቅዳሜ ከሥራ ሲመለሱ በሩን ዝም ብለው ከፍተው እንዳይገቡ፤ አዲስ ቤት የገባ ሰው ዘንድ ሲኬድ ደጅ ላይ ቆሞ «ቤት ለእንቦሳ» ማለት ወግ ነው። እኛም ከውስጥ «እንቦሳ እሰሩ» ብለን እንከፍትልዎታለን። ባዶ እጅዎን ባይመጡ ደግሞ አማቴ ደስ ይላቸዋል።