ፍሬን የምረግጥለት እኔ ነኝ

ሰኞ

«ማዳም» የምትለው ቃል ዛሬ ጠፋች። እስካለፈው ሳምንት ድረስ «ማዳም ሰዓዳ እንዲህ አለች፣ ማዳም ሰዓዳ እንዲያ አለች» ነበር። ዛሬ ይማም ጫማውን እያወለቀ «ሰዓዳ ጎማዎቹን አስመጣች» አለኝ። ሰዓዳ ብቻ። እህቱ ትመስል። ሌላም ትመስል።

እራት አቀረብኩ። ጨው አብዝቼበት ኖሯል፤ እሱ ግን ልብ ሳይለው ጥርግ አድርጎ በላ። ይሄም አበሳጨኝ።

ጭንቅላቴ ውስጥ ሲዞር ከሚውል ልጻፈው። ሰዓዳ መካ፣ ነካሳ ተወልዳ ያደገች የእኛው ዘር ናት። አያቷ ከወሎ ለሐጅ መጥተው እዚያው ቀሩ። ባሏ ሞቷል። አባቷ በዘመናቸው ከጅዳ መካ የሐጅ ተጓዦችን የሚያመላልሱበት አፍንጫማ አውቶብስ ነበራቸው፤ እሳቸው ካለፉ በኋላ ግቢ ውስጥ ቆሞ ሲዝግ ኖረ። እሷ አሁን አስጠግና ሴቶችን ብቻ ወደ ሰርግ ልታመላልስበት ነው። ራሷ እየነዳች! መንጃ ፈቃድ አውጥታለች። ባሌ መካኒክ ነው። ሳምንቱን እዚህ ጅዳ ጋራዥ ይሠራል፤ አንዳንድ ቀን ከሥራ መልስ፣ ዓርብ ደግሞ ሙሉ ቀን መካ የእሷ ግቢ ነው። ከረመዳን ወዲህ እንዲህ ሆነናል። «እናቷ ሁልጊዜ አብረውን ናቸው» ይለኛል። እናቷ ጆሯቸው አይሰማም፤ ይህንንም ራሱ ነው የነገረኝ።

ያየኋት በስልክ ብቻ ነው። አውቶብሱን ፎቶ ሲያነሳ ጥግ ላይ ገብታለች። ፎቶውን በጣቴ አሰፋሁት። ዓባያ ለብሳ ጥግ የቆመች ሴት ምኗ ይለያል? ግን ቀጥ ብላ ነው የቆመችው። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ መቼ ያልቃል ብሎ የማያውቅ ሰው እንዲህ ነው የሚቆመው።

ማክሰኞ

ዛሬ ስለ ፍሬን ተማርኩ። ሳልጠይቅ።

እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ፤ እሱ የወጥ ቤቱ በር ላይ ተደግፎ ያወራል። ደስ ሲለው ነው እንዲህ የሚያወራው። የድሮው አውቶብስ ፍሬን አንድ መስመር ብቻ ነው አለኝ። ከፔዳሉ ተነስቶ ለሁሉም ጎማ የሚሄድ አንድ መስመር። የሆነ ቦታ ከተበሳ አለቀ፣ መኪናው ፍሬን አልባ ሆነ ማለት ነው። አሁን የሚገጥምለት ግን ሁለት ነው፤ ለፊት ለብቻው፣ ለኋላ ለብቻው። ፊት ላይ ያለውን አሮጌ የታምቡር ፍሬን አውልቆ የዲስክ ፍሬን አድርጎበታል።

«አንዱ ቢከዳህ ሌላው ይይዝሃል» አለ ፈገግ ብሎ።

ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

«ለአንድ መኪና ሁለት ምን ያደርጋል?»

«ለደህንነት ነዋ!»

«የድሮዎቹ በአንዱ ኖረው የለም?»

«የኖረው ኖረ፣ ያልኖረው ገደል ገባ» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። እንባዬ መጣ። ሽንኩርቱ ነው ልለው ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልጠየቀኝም።

ልጅ የለንም። ይህን እዚህ መጻፍ አልፈልግም ነበር፤ ተጻፈ። እሷ ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት። የይማም እናት ከሀገር ሲደውሉ ለኔ «ዱዓ ላይ ነኝ ልጄ» ይሉኛል። ለእሱ የሚሉትን አልሰማም፤ ስልኩን ይዞ ኮሪደር ይወጣል። ሌላ ቢያገባ ሃይማኖቱ ይፈቅድለታል። አውቃለሁ። ማወቄ ግን አላስተኛኝም።

ረቡዕ

ጠዋት ጠዋት እዚሁ ሳፋ ሰፈር አንድ ቤት አጸዳለሁ፤ ከሰዓት ልብስ እሰፋለሁ። ዛሬ ስመለስ ማሽኔ ላይ አንድ ጥቅል ጨርቅ ተቀምጧል። የአውቶብሱ መጋረጃ ነው። ስፌት እንደምችል ለሰዓዳ ነግሯት «እሷ ትስፋልኝ» ብላለች አሉ። ወይን ጠጅ ቀለም፣ ጫፉ ወርቃማ ዘርፍ ያለው። እሷ ናት የመረጠችው። ጨርቁ ጥሩ ነው፤ ያናደደኝም ይሄው ነው። የማይረባ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ሆን ብዬ አጣምሜ ሰፋሁት። ትንሽ ብቻ፣ ለዓይን ቅር እንዲል። ሰቅዬ ሳየው ግን የኔ እጅ መሆኑ ለሁሉም የታወቀ ነው። ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት። ለተንኮል እንኳ አልታደልኩም።

ማታ እየጎረሰ «ዛሬ ከሥራ መልስ ፍሬኑን አየር ልናወጣለት ሞከርን» አለ። «ሰዓዳ ረገጠችልኝ።»

ሳህኔን ገፋ አደረግኩ።

ፍሬን ሲሠራ ቱቦው ውስጥ አየር ይቀራል። እሱን ለማውጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ከሥር ተኝቶ ብሎን ይፈታል፣ ያጠብቃል፤ አንዱ ከላይ ተቀምጦ ፔዳል ይረግጣል። አይተያዩም። የሚገናኙት በድምፅ ብቻ ነው። ርገጪ። ያዢ። ልቀቂ። እንደመጣን ሰሞን ይማም ረዳትም ጋራዥም አልነበረውም፤ መንገድ ዳር ነበር የሰው መኪና የሚሠራው። የምረግጥለት እኔ ነበርኩ። ያኔ ሴት አትነዳም። አንድ ቀን ፖሊስ መሪ ጨብጬ ሲያየኝ ጮኸ። ይማም ከመኪናው ሥር አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛው «ሾፌር አይደለችም፣ የፍሬን ሠራተኛ ናት» አለው። ፖሊሱ ሳቁ አምልጦት ሄደ። እኛ ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

ሌላውን ሁሉ እችል ነበር። አብራው ሻይ ትጠጣ። በስሙ ትጥራው። ግን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እሱ «ያዢ» ሲል እሷ «ያዝኩ» ብላለች። ያ ቦታ የኔ ነበር።

ሐሙስ

የአዲሶቹን ጎማዎች ፎቶ አሳየኝ። ቸርኬያቸው ብር ይመስላል፣ ያብለጨልጫል። አውቶብሱ ግን ገና ግማሽ ጎኑ ዝገት ነው። «አዲስ ጫማ ያደረገች አሮጊት ትመስላለች» አልኩት። ተቀየመኝ። ለአውቶብስ ተቀየመ!

ሲበርድለት «ነገ አብሬህ እሄዳለሁ» አልኩ።

«ምን ልትሠሪ?»

«መጋረጃውን ልሰቅል።»

ጢሙን አሻሸ። ይሞቃል፣ ይደክምሻል፣ ዓርብ እኮ ያንቺም ዕረፍት ነው… ሙቀት ለኔ! ጅዳ ለምኖር ሰው! «ይዘኸኝ የማትሄደው ለምንድን ነው?» ስለው «ማን እምቢ አለ?» አለ። እምቢም አላለም፣ እሺም አላለም። ይማም እንዲህ ነው። ለእናቱ፣ ለአሠሪው፣ ለኔ፣ ለሁላችንም እንዲህ ነው።

የምለብሰውን ሦስቴ ቀየርኩ። ከዓባያ ሥር የሚለበስ ልብስ ማን ሊያየው ነው?

የምይዘው፦ መጋረጃ። መርፌና ክር። ጥሩው ሽቶዬ። ጠፍጣፋ ጫማ። ጠፍጣፋው ለፔዳል ነው።

ዓርብ፣ መካ

ነካሳ ዳገት ነው፤ ቤት በቤት ላይ ወጥቷል። የሰዓዳ ግቢ አናቱ ላይ ነው። ከበሩ ሲወጡ መንገዱ ያለ ማቋረጥ እስከ ታች ይወርዳል። ባሌ ለምን ፍሬን ፍሬን እንደሚል ያን ጊዜ ገባኝ።

በሩን የከፈተችው ራሷ ናት። «አህለን! ዘሃራ አንቺ ነሽ? ወላሂ አምጣት፣ አምጣት እለዋለሁ፣ እሱ ኩሉ የውም ቡክራ፣ ቡክራ!»

ቡክራ። በየቀኑ «ነገ፣ ነገ» ሲላት ኖሯል ማለት ነው። ወደ ይማም ዞርኩ። የመሣሪያ ሳጥኑን ለመክፈት ቸኩሏል።

ቆንጆ አይደለችም። እሺ፣ ቆንጆ ናት።

አውቶብሱን ልጠላው ነበር የመጣሁት፤ አልሆነልኝም። የተበላው ወለል ተቆርጦ ወጥቶ አዲስ ላሜራ ገብቶለታል። ከሾፌሩ ወንበር በላይ አባቷ በእጃቸው «ቢስሚላህ» ብለው የጻፉት አለ፤ ይማም ቀለም ሲቀባ ዙሪያውን ዞሮ ትቶታል። እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው መሆኑን ረስቼው ነበር።

ከጁምዓ በኋላ እሱ ከሥር ገባ። ሰዓዳ እንደ ልማዷ ወደ ወንበሩ ሄደች። ቀደምኳት። ሁለታችንም ደረጃው ላይ ተጣበቅን።

«እኔ እረግጥለታለሁ» አልኩ።

«ታውቂዋለሽ?»

«ካንቺ በፊት ነው የማውቀው።»

ስለ ፍሬኑ ነው። ስለ ፍሬኑ አይደለም። ገብቷት መሰለኝ፤ ወረደች።

«ርገጪ!» አለ ከሥር።

«ረገጥኩ።»

«ዘሃራ? አንቺ ነሽ?»

«ረገጥኩ አልኩህ።»

«ያዢ።»

ያዝኩ። እግሬ ግን ወረደ። ብሎኑን ገና አልፈታውም፤ ጠንክሮ መቆም ያለበት ፔዳል ቀስ እያለ ይሰምጣል። ይህን አውቀዋለሁ፤ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ሰዓዳ ስትረግጥም ሳይሰምጥ አልቀረም፤ ግን እንዲህ መሆን ያለበት መስሏት ይሆናል።

ማንም ስለማያነበው ልጻፈው። ዝም ብልስ አልኩ። የፊታችን ሐሙስ የመጀመሪያው ሰርግ ነው። የምትነዳው እሷ ናት፤ ቁልቁለቱ ደግሞ ያውና። ዓይን ጨፍኖ እስኪገልጡ ያህል ነው ያሰብኩት። አስተግፊሩላህ። አውቶብሱ ሙሉ ሴት ይሆናል፤ የሰው ልጆች።

«ይማም፣ ይሰምጣል! ያፈሳል!» ብዬ ጮህኩ።

መብራት ይዞ ሥር ለሥር ተሳበ። ከኋላ፣ ደህና ነው ብሎ ሳይቀይር የተወው አንድ አሮጌ ቱቦ ዝገት በልቶት አገኘው። ሲወጣ ፊቱ ዓመድ መስሏል። «ይቺ ሴት እግሯ ጆሮ አለው» አለ። ለሰዓዳ ነው የነገራት። ለኔ ቢለኝ ይሻል ነበር፤ ቢሆንም ወሰድኩት።

ዕቃ መሸጫው ዓርብ ዝግ ነው። ስለዚህ እዚሁ እናድራለን፤ እኔ ከእናትየው ጋር፣ እሱ አውቶብሱ ውስጥ።

ከመግሪብ ሶላት በፊት መጋረጃውን ከሰዓዳ ጋር ሰቀልን። ዘንጉን እሷ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ ይዘን ነበር።

«ዘሃራ» አለች፣ «አንቺ ቀጥተኛ ሰው ነሽ። እኔም ዱግሪ ልንገርሽ። ጠይቄው ነበር።»

«ምን?»

«ኒካሕ። በሐላል እንዲያገባኝ። ላንቺ የነገረሽ መስሎኝ ነበር፣ ወላሂ። ዛሬ ፊትሽን ሳየው ነው አለመንገሩን ያወቅኩት።»

ዘንጉን ለቀቅኩት። መጋረጃው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተከመረ።

«ምን መለሰልሽ?»

«ኢንሻአላህ አለኝ። ኸላስ፣ ይኸው ነው። እንግዲህ ምን ብዬ ልያዘው? አዎ ነው? እምቢ ነው? ከዚያ ወዲያ ስለ ፍሬን ብቻ ነው የሚያወራው።»

ልጠላት ፈልጌ ነበር። ያን ያህል የተናደድኩት ግን በሌላ ሰው ነው። መጋረጃውን አንስተን እንደገና ሰቀልነው።

ቅዳሜ፣ ወደ ማታ፣ ጅዳ

ቀኝ እግሬ እስካሁን ዝሏል።

ጠዋት ቱቦውን ገዝቶ ገጠመ። ሥራው ሦስታችንንም የሚፈልግ ሆነ፤ እሱ ከሥር፣ እኔ ፔዳሉ ላይ፣ ሰዓዳ ደግሞ የፍሬን ዘይት ሲጎድል ትሞላለች። ርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ። ጎማ በጎማ ዞርን። የመጨረሻው ላይ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ድንጋይ ሆነ።

«አበቃ፣ ልቀቂ!» አለ።

አልለቀቅኩም።

«ዘሃራ፣ ልቀቂ እንጂ!»

«ለሰዓዳ ምን ብለህ መለስክላት?»

የመፍቻው ድምፅ ጠፋ። ሰዓዳ የዘይቱን ጠርሙስ እንደያዘች ቀረች።

«ምን… አሁን እዚህ ምን አመጣው? ቤት እንነጋገር።»

«እዚሁ። መልስህን ሳልሰማ እግሬ አይነሳም።»

«ኢንሻአ…»

«የአላህን ስም መደበቂያ አታድርገው! አዎ ወይም እምቢ በል።»

እግሬ ተንቀጠቀጠ። ፔዳሉ ንቅንቅ አላለም። እንዲህ የሚይዝ ፍሬን ረግጬ አላውቅም፤ በዚያ ሁሉ መሀል እንኳ «እንዴት ጎበዝ ነው» ብዬ አሰብኩ።

ከሥር ድምፁ መጣ፤ ዝቅ ብሎ። «ሰዓዳ፣ ዓፉ በዪኝ። አልችልም። ያኔውኑ ልነግርሽ ይገባ ነበር።»

ሰዓዳ ጠርሙሱን ከደነች። «ጠይብ፣ እሺ» አለች። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ «ዘሃራ፣ ልቀቂለት። ያላ፣ ቁልቁለቱ ይጠብቀናል» አለችኝ።

ለቀቅኩ።

መሪውን እሷ ያዘች፣ ይማም አጠገቧ ቆመ፣ እኔ ከኋላ መጋረጃዬ ሥር ተቀመጥኩ። ቁልቁለቱ መሀል ላይ «አሁን» አላት። ረገጠች። ያ ትልቅ ብረት ሳይዘም፣ ሳይጮህ ቀጥ አለ። መጋረጃዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ወደ ፊት ሄደው ተመለሱ። ሰዓዳ መሪው ላይ ግንባሯን አሳርፋ «የባባ መኪና» አለች፣ አለቀሰች። ትከሻዋን ያዝኳት። ማን ይይዛታል፣ እሱ?

ወደ ጅዳ ስንመለስ መኪና ውስጥ «ፍሬኑ ያዘ» አለኝ። «አየሁ» አልኩት።

እና ቤት ገብቼ ዓባያዬን ስሰቅል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። «አልችልም» ነው ያላት። አልፈልግም አላለም። ሲናገርም ከአውቶብስ ሥር ነበር፤ ፊቱን አላየሁትም። ሲወጣ ደግሞ ፊቱ በሙሉ ግሪስ ነበር፤ ምን ይነበብበታል?

አሁን ሻወር ቤት ግሪሱን እያስለቀቀ ነው። ያንጎራጉራል። ስለተገላገለ ይሁን፣ ስለ ፍሬኑ ይሁን አላውቅም።

ሐሙስ ሰርጉ ላይ ሰዓዳ ጠርታኛለች። ከፊት፣ ከሾፌሯ አጠገብ እንድቀመጥ። እሄዳለሁ። ጠፍጣፋውን ጫማዬን አድርጌ።