ከዜሮ አትጀምር

ውድ ወንድሜ ባንቲሁን፣

በስልክ ስታናግረኝ አፌ ይያዛል፤ ለዚህ ነው የጻፍኩልህ። አንተ አዲስ አበባ ከገባህ ወዲህ የዚህ የወደብ ከተማ ሙቀቱም ሰዉም አድክሞኛል።

የጭነት መኪና ሾፌሮቹ አሁንም ይመጣሉ። አንተና ጓደኞችህ በሠራችሁት በስልክ ብቻ በሚያዝ ዲጂታል ሳንቲም፣ በ«ጉዞ»፣ አበላቸውን ያጠራቀሙት። ሰሞኑን ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ «የለም» እል ነበር። ትናንት ግን ከሾፌሮቹ አንዱ፣ ጋሽ ወሰኑ፣ በሩ ላይ ተቀመጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ወንድምሽ ምን ወሰነ?»

«ሳንቲሙ ቀዳዳ ነበረበት፤ ሌባ ገብቶ ከምንም ተነስቶ ሐሰተኛ ሳንቲም ፈጠረበት። ስለዚህ ትቶት ሌላ ሊጀምር ነው።»

«የኛስ?»

ውሃ ቀዳሁላቸው።

«እኔ ሞተር ሲበላሽብኝ ሞተሩን አስወርዳለሁ። ጭነቱን ጋላፊ ድንበር ላይ ደፍቼ አዲስ መኪና ገዛሁ ብዬ አልጨፍርም!» ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ አለቀ።

ደመወዛቸውን በ«ጉዞ» ያስቀመጡት እትዬ በለጡ ደግሞ ምንም አይጠይቁም። ራስ ዲካ ሰፈር ከሚሠሩበት ቤት ዓርብ ዓርብ ይመጣሉ፤ ውሃ ይጠጣሉ፣ ስልካቸውን አውጥተው ያዩታል፣ መልሰው ቦርሳቸው ውስጥ ይከቱታል። ከጋሽ ወሰኑ ጩኸት ይልቅ ይሄ ያደክመኛል።

ሃርድ ፎርክ የሚባለውን ያስረዳኸኝ አንተ ነህ። ሕጉ ይቀየራል፣ ሌባው ከገባበት ቀን ጀምሮ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ከዚያ በፊት የነበረው የሰው ድርሻ ግን እንዳለ ይቀጥላል ብለኸኝ ነበር። ስትናገር ደስ ይልህ ነበር። አሁን «ገንዘብ የሚያስገቡት ሰዎች ንጹሕ ነገር ነው የሚፈልጉት» ትላለህ። ላንተ ንጹሕ ይሆናል። ለእትዬ በለጡ ባዶ ነው።

እሁድ ደውለህ «ጓደኞቼ የማን ስንት እንደሆነ የያዘውን መዝገብ ከስልካቸው አጥፍተዋል፤ የቀረው አንቺ ጋ ያለው ብቻ ነው፤ አጥፊው» አልከኝ። «እሺ» አልኩህ። እምቢ ብዬህ አላውቅማ።

አላጠፋሁትም። ዛሬ እትዬ በለጡ ሲመጡ ስልካቸውን ተቀብዬ፣ አንተ እንዳሳየኸኝ መዝገቡን ገለበጥኩላቸው። ከዚያ ለጋሽ ወሰኑ። እሳቸው ጓደኞቻቸውን ጠሩ፤ እስኪመሽ በሩ ላይ ተሰልፈው ነበር። ከእንግዲህ አጥፊው ብትለኝም በእጄ አይደለም።

ቀዳዳውን መድፈን የምትችለው ግን አንተ ብቻ ነህ። ተቆጣኝ፤ ግን ና። ናጋድ ባቡር ጣቢያ መጥቼ እቀበልሃለሁ። ጋሽ ወሰኑም «አንመታውም፤ ምሳ እያበላን ነው የምናሠራው በይው» ብለዋል።

እህትህ ፀዳል